ጥጋብ ከየት ይመጣል? የአንጀት ሆርሞኖችና የ«ተፈጥሯዊ ኦዜምፒክ» ወሬ

ኦዜምፒክ ለስኳር በሽታ ተሠርቶ ክብደት ለመቀነስም የሚፈለግ መርፌ ነው፤ ስሙ ጅማ ላይ እንግዳ መሆኑ እየቀረ ነው። ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲጀመር ይነሳል። ቲክቶክ ሲከፈትም ይመጣል። አንዱ «ውጭ ያለ ዘመድ መርፌውን ይልክልኛል» ይላል። ሌላው «መርፌ ምን ያደርጋል? ተልባ በሎሚ ያው ነው» ብሎ ይመክራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ኦዜምፒክ» የተባለ ሻይና እንክብል ይሸጣል።

ወሬው መነሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በሴፕቴምበር 2025 ሴማግሉታይድን፣ ማለትም ኦዜምፒክ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ዝርዝሩ ላይ የገቡት ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመምና ከልክ ካለፈ ውፍረት ጋር ለተደራረበባቸው ሰዎች ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ድርጅቱ ለውፍረት ሕክምና እንዴት እንደሚውሉ የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ግራ መጋባቱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። መርፌውም፣ ተልባውም፣ አንድ ሳህን ፉልም የሚነኩት የረሃብና የጥጋብ ሥርዓት በአብዛኛው አንድ ነው። የሚነኩበት ጉልበት ግን በጣም ይለያያል። ይህ ልዩነት ካልገባን ሁለት ስህተት እንሠራለን። ወይ ምግብን መድኃኒት ነው ብለን እንሸጣለን፤ ወይ ደግሞ ምግብ ምንም አያደርግም ብለን እንንቃለን።

ሆድ ለአእምሮ የሚልከው መልእክት

ሆርሞን ማለት አንድ የሰውነት ክፍል ሠርቶ በደም በኩል ለሌላው የሚልከው ኬሚካላዊ መልእክት ነው። ጨጓራና አንጀት ምግብ የሚፈጩ ብቻ አይደሉም። ምን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደገባ፣ የት እንደደረሰ ለአእምሮ ያለማቋረጥ ይናገራሉ። አእምሮ ውስጥ ይህን ወሬ ከሚሰበስቡት ዋናው ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል ነው።

የረሃቡን መልእክት የሚልከው ግሬሊን ነው። ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ በ1999 ያገኙት ሆርሞን ነው። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፤ ከበላን በኋላ ይወርዳል።

የግሬሊን አንድ ባሕርይ ለጾመኛ አገር ሰው በጣም የሚገባ ነው። ግሬሊን የጨጓራን ባዶነት ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም ይከተላል። ምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የለመደ ሰው ግሬሊኑ በዚያ ሰዓት ይነሳል። ሰውየው ባይበላስ? ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ ይወርዳል። ከአንድ ቀን በላይ ምግብ ሳይቀምሱ የቆዩ ሰዎች ላይ የተደረገ ልኬት ይህንኑ አሳይቷል፤ ሆርሞኑ በየምግብ ሰዓቱ ወጥቶ ወርዷል። የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ከብደው በኋላ የሚቀሉበት፣ ዐቢይ ጾም የጀመረ ሰውም ሳምንት ሲያልፍ «ለመድኩት» የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ሲቀየር ረሃቡም አብሮ ይቀየራል።

የጥጋቡ በኩል ግን አንድ መልእክተኛ ብቻ አይደለም ያለው። አንድ ሳህን ፉል እንከተል። ባቄላ አለው፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበታል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተበትኖበታል፣ ዳቦ ከጎኑ ነው።

ጨጓራ ሲገባ መጀመሪያ የሚነቃው የጨጓራ ግድግዳ ነው። ሲለጠጥ ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል «እየሞላሁ ነው» ይላል። ይህ ፈጣን ነው፤ ሆርሞን እንኳ አይጠብቅም።

ከዚያ ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። የአንጀቱ የመጀመሪያ ክፍል የባቄላውን ፕሮቲንና የዘይቱን ቅባት ሲያገኝ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ስሙ የተሰጠው በ1928 ነው፤ የሐሞት ከረጢትን ስለሚያኮማትር። የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ የታወቀው ግን ብዙ ቆይቶ በ1973 ነው። ይህ ሆርሞን ጨጓራን «ቀስ በል፣ ገና አልጨረስኩም» ይለዋል። ስለዚህ ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል።

ቀሪው ወደ ታች ይጓዛል። በትንሹ አንጀት መጨረሻና በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ ኤል ሴሎች የሚባሉ ሕዋሳት በብዛት አሉ። እነዚህ ጂኤልፒ-1 እና ፔፕታይድ ዋይዋይ የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ጂኤልፒ-1 ሦስት ሥራ ይሠራል። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ይረዳል፤ ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት መውረዱን ያዘገያል፤ አእምሮ ላይ የምግብ ፍላጎትን ያበርዳል። ፔፕታይድ ዋይዋይም ወደ አእምሮ የሚልከው መልእክት «ይበቃል» የሚል ነው።

የባቄላው ልጣጭ ደግሞ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ይህ አሰር ወይም ፋይበር የምንለው ነው። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ሲያብላሉት የሚወጡት አጫጭር ፋቲ አሲዶች ኤል ሴሎችን እንደገና ይቀሰቅሳሉ። ጠዋት የተበላ ፉል ከሰዓታት በኋላም ሥራውን የሚቀጥለው በዚህ መንገድ ነው።

በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ብቻ የተጀመረ ጠዋትን ከዚህ ጋር እናስተያይ። ዳቦው ቶሎ ይፈጫል፣ ከላይኛው አንጀት ላይ ቶሎ ይመጠጣል። ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፣ አሰሩም ጥቂት ነው። ወደ ታች የሚደርስ ብዙ ነገር የለም። ታች ያሉት ሕዋሳት ካልተነኩ መልእክታቸው ደካማ ይሆናል። ሰውየው አራት ሰዓት ላይ ቢርበው የሚገርም አይደለም።

አንድ ሆርሞን ቀርቶናል። ሌፕቲን ይባላል፤ ጄፍሪ ፍሪድማን አሜሪካ ውስጥ በ1994 ያገኘው ነው። የሚመነጨው ከአንጀት ሳይሆን ከሰውነት ስብ ነው። የዕለቱን ምግብ ሳይሆን የጎተራውን ክምችት የሚናገር ነው። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል፤ አእምሮም «ጎተራው እየጎደለ ነው» ብሎ ይሰጋል። ይህን እንያዘው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት ደቂቃና አንድ ሳምንት

የመርፌውና የምግቡ ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል።

ሰውነታችን የሚሠራው ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ ዕድሜው እጅግ አጭር ነው። በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ዲፒፒ-4 የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሌሎች ንጥረ ነገሮችን የሚቆራርጥ ፕሮቲን፣ ያፈርሰዋል። ተፈጥሮ እንዲህ ያደረገችው በምክንያት ይመስላል። መልእክቱ ለአንድ ማዕድ ነው፤ ማዕዱ ሲያልቅ መልእክቱም ያልቃል።

ሳይንቲስቶች የፈለጉት የማይፈርስ ቅጂ ነበር። ፍንጩ ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። ጊላ ሞንስተር የሚባል መርዛማ እንሽላሊት አለ፤ የሚኖረው በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ ነው። ጆን ኤንግ የተባለ ተመራማሪ በመርዙ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስልና ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር ማግኘቱን በ1992 አሳወቀ። ከዚያ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሴማግሉታይድ፣ ሌላው የጂኤልፒ-1 ቅጂ፣ ኋላ የመጣ ነው። ለስኳር በሽታ ኦዜምፒክ በሚል ስም በ2017፣ ለውፍረት ዌጎቪ በሚል ስም በ2021 ተፈቀደ። ደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል።

ሁለት ደቂቃና አንድ ሳምንት። ልዩነቱን በዚህ መጠን ማሰብ ያስፈልጋል። ምግብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በር አንኳኩቶ እንደሚሄድ እንግዳ ነው። መርፌው ግን ቀንና ሌሊት በሩ ላይ ቆሞ ያንኳኳል።

ውጤቱም በዚያው ልክ ነው። በ2021 በወጣ ጥናት 1,961 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር አግኝተዋል። ሴማግሉታይድ የወሰዱት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ቀነሱ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት የቀነሱት 2.4 በመቶ ነው። 100 ኪሎ የነበረ ሰው 85 ኪሎ አካባቢ ደረሰ ማለት ነው።

ሌላው ወገን ግን መነገር አለበት። መድኃኒቱን ያቆሙ ተሳታፊዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨመሩ። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎም የቆሽት መቆጣት ይታያል። ከስቡ ጋር ጡንቻም ይቀንሳል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ያለ ሐኪም የሚጀመር ነገር አይደለም።

በዘመድ ሻንጣ ስለሚመጣው መርፌ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በእውነት ያሳስባል። ያልተከፈተ የኦዜምፒክ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከውጭ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ጅማ እስኪደርስ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘው ማን ያውቃል? ከዚያ በላይ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 የሐሰት ኦዜምፒክ በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል። ቁጥጥራቸው ጠንካራ የሆኑ አገሮች ውስጥ ሐሰተኛው ከተገኘ በቴሌግራም የሚሸጠውን ማመን ከባድ ነው።

«ተፈጥሯዊ ኦዜምፒክ» የሚባሉት

ከላይ ያለውን ይዘን ገበያው ላይ ያለውን እንይ።

ተልባ እውነት ያለው ነገር ነው። ውሃ ሲያገኝ ዝልግልግ የሚል አሰር አለው። ይህ አሰር ምግብ ከጨጓራ መውረዱን ትንሽ ያዘገያል፣ ታች ሲደርስም ባክቴሪያዎችን ይመግባል። ከምግብ በፊት የጠጣው ሰው ትንሽ ቀድሞ ሊጠግብ ይችላል። ሎሚው ግን ለጣዕም ነው። በቂ ውሃ አብሮ መጠጣት ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከተልባው ሰዓት አራርቆ ቢወስድ ይሻላል፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ስለሚችል።

ሰናመኪ ያለበት ሻይ ሌላ ነገር ነው። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ ተክል ነው፤ የሚሠራውም ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የምግቡ ጉልበት ግን በአብዛኛው ቀድሞ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጧል። ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውሃና ዓይነ ምድር ነው። ሲደጋገም የሰውነት ጨዎችን ያዛባል። «ሆዴ ቀለለ» እና «ስቤ ቀነሰ» አንድ አይደሉም።

የፖም አቼቶ ደግሞ ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለው። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት በየቀኑ ትንሽ አቼቶ መጠጣት ክብደት በብዙ ይቀንሳል ብሎ ዓለምን አዳርሶ ነበር። በ2025 መጽሔቱ ራሱ ጥናቱን ሰረዘው፤ ቁጥሮቹ የሚታመኑ ሆነው አልተገኙም። ቪዲዮዎቹ ግን ዛሬም እየተዘዋወሩ ነው።

በእንክብል የሚሸጡት የበለጠ ያስፈራሉ። «ዕፅዋት ብቻ» ተብለው ከተሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ለልብና ለደም ሥር አደጋ በማጋለጡ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። እንክብል ውጦ በሳምንት ውስጥ ፍላጎቱ ጭራሽ የጠፋ ሰው «ዕፅዋቱ ሠራ» ከማለቱ በፊት ምን እንደዋጠ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ጅማ ላይ ስለ ምግብ ፍላጎት ተወርቶ ጫት አይታለፍም። «ጫት ያከሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል» ይባላል። ፍላጎት መዝጋቱ እውነት ነው። የሚዘጋበት መንገድ ግን የጥጋብ መንገድ አይደለም። በ2008 የወጣ አነስተኛ ጥናት ጫት የቃሙ ሰዎች ረሃባቸው ሲቀንስ የግሬሊናቸውና የፔፕታይድ ዋይዋያቸው መጠን ግን እንዳልተለወጠ አሳይቷል። ሥራውን የሚሠራው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት አልጠገበም፤ ረሃቡ ተጋረደ እንጂ። ምርቃናው ሲወርድ ረሃቡ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ማታ ዘግይቶ። እንቅልፉም አብሮ ይበላሻል። እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሚያመጣ ወደ ታች እናየዋለን።

ቡናን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። አንዳንድ ሰው ላይ ረሃብን ለጥቂት ጊዜ ያዘገያል፤ ሌላው ላይ ምንም አያደርግም። ቡናን ስለጣዕሙና ስለጨዋታው መውደድ ይበቃል፤ የማቅጠኛ ሥራ አንስጠው።

ገበታው ላይ ያለው አቅም

ምግብ ምን ያህል ይረዳል? ቁጥር እናስቀምጥ። 21 ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ በ2016 የወጣ ግምገማ አለ። ሰዎቹ በቀን 130 ግራም ገደማ ጥራጥሬ ነበር የሚበሉት። በስድስት ሳምንት ገደማ ካልበሉት ሰዎች በ0.34 ኪሎ ያህል ብቻ ቀነሱ። ሦስት መቶ አርባ ግራም! ከመርፌው ጋር ሊወዳደር አይችልም።

እኔ ግን ይህን ቁጥር ትንሽ ነው ብዬ አልተወውም። እነዚያ ሰዎች ባቄላና ምስር ጨመሩ እንጂ ራሳቸውን አላስራቡም። ርካሽ ነው፣ አይጎዳም፣ ለስኳርና ለልብም ይጠቅማል። ደግሞም አብዛኛው ሰው የሚያስፈልገው 15 ኪሎ መቀነስ ሳይሆን በየዓመቱ አንድ ሁለት ኪሎ አለመጨመር ነው። ለዚህ ገበታው አቅም አለው።

የትኛው ምግብ ያጠግባል? አውስትራሊያ ውስጥ በ1995 ሱዛና ሆልት የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ 38 ምግቦችን አወዳድረው ነበር። ሁሉም እኩል ካሎሪ ነበራቸው፤ ካሎሪ ማለት የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው። ነጭ ዳቦ 100 ቢሰጠው ቅቅል ድንች 323 አገኘ። ከሁሉም አንደኛ ነው። በቅቤ የተሠራው ክሯሳን 47 ላይ ቀረ። ውሃ የያዘ፣ ከብዶ የሚቀመጥ፣ ለማኘክ ጊዜ የሚወስድ ምግብ ያጠግባል። ደረቅ፣ ቅባታምና ለስላሳ የሆነው ሳይታወቅ ያልቃል። ያው ድንች ቺፕስ ሲሆን ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል።

የጅማ ገበታ ለዚህ የሚመች ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ በቆሎ አለ። ጤፍ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ልጣጩን ለይቶ ማስቀረት አይመችም፤ ስለዚህ ከነአሰሩ ይፈጫል። ሩዝ በብዛት የተቀላቀለበት እንጀራ ግን ነጭነቱን ሲያገኝ አሰሩን ያጣል። ቆጮ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ቆጮ ለብቻው ሆድ ይሞላል እንጂ ጥጋቡን ለማቆየት አጋዥ ይፈልጋል። አያቶቻችን ከጎመንና ከአይብ ጋር ማቅረባቸው ለጣዕም ብቻ አልነበረም የሚያሰኝ ነው።

አንድ በስፋት የሚሰጥ ምክር አለ። «አትክልቱንና ፕሮቲኑን ቀድመህ ብላ፣ ዳቦውን መጨረሻ» የሚል። የስኳር ሕመምተኞች ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት ይህ ቅደም ተከተል ከምግብ በኋላ ያለውን የደም ስኳር ቀንሷል። ለእኛ ግን እንዳለ አይሠራም። እንጀራ ራሱ ማንኪያችን ነው፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከመቀየር መጠኑን መቀየር ይሻላል። ትሪው ላይ እንጀራው አነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ጠቀም ይበል። ጥቅሙ ያው ነው፣ አበላላችንም አይናጋም።

ጭማቂ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጅማ የአቮካዶና የማንጎ አገር ናትና። አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ይገባል፣ ስኳርም ይጨመራል። በማንኪያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። እነዚያን ፍሬዎች በጥርስ እንብላ ብንል ግማሹ ላይ እናቆማለን። ፖም ላይ የተደረገ የ2009 ጥናት ይህን ለክቷል። ከምሳ በፊት ሙሉ ፖም የበሉ ሰዎች ምንም ካልበሉት አንጻር አጠቃላይ ምሳቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። በጭማቂ የወሰዱት ግን እንደዚያ አልቀነሱም። ማኘክና የፍሬው መልክ ሳይፈርስ መግባቱ ለጥጋብ ዋጋ አለው።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። በ2010 በወጣ ጥናት 17 ጤነኛ ወንዶች 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም በሉ። አንድ ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በ30 ደቂቃ። አይስክሬሙ አንድ ነው። ቀስ ብለው ሲበሉ ግን ጂኤልፒ-1 እና ፔፕታይድ ዋይዋይ ከፍ ብለው ታዩ። የታችኛው አንጀት ወሬ ወደ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ቆሞ የተበላ ሳንቡሳ ያን ጊዜ አይሰጥም። በጋራ ትሪ፣ እየተጨዋወቱ መብላት ይሰጣል። ጉርሻው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «በሞቴ» ተብሎ ጠግቦ ላለ ሰው የሚሰጥ ጉርሻ ሆዱ የላከውን መልእክት ይሽራል። ፍቅርን በሌላ መንገድ መግለጽ የሚከብድበት ቤት ካለ ጉርሻውን መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነው።

እንቅልፍስ? ቺካጎ ውስጥ በተደረገ የ2004 ጥናት 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ተኙ። በደንብ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲወዳደር ግሬሊናቸው 28 በመቶ ጨመረ፣ ሌፕቲናቸው 18 በመቶ ቀነሰ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ የሆርሞኖቹን ለውጥ በዚህ ልክ አላገኙም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ብዙ እንደሚበላ ግን በተደጋጋሚ ታይቷል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛም፣ ለፈተና የሚያነጋ ተማሪም፣ አምሽቶ የሚቅምም ይህን ያውቀዋል።

«ሆዳም» ነው ወይስ ሰውነቱ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «አፉን ይዝጋ፣ ይንቀሳቀስ፣ ሌላ ምንም የለም» ይላል። ሁለተኛው «ሁሉም ሆርሞን ነው፣ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም» ይላል።

የመጀመሪያው ወገን እውነት ይዟል። ከወጣው ጉልበት በላይ ካልገባ ስብ አይከማችም። ነገር ግን ረሃብን እንደ ምርጫ ይቆጥራል። በ2011 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህን ይሞግታል። 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ ወስደው ክብደት ቀነሱ። ግሬሊናቸው ጨመረ፤ ሌፕቲናቸውና ፔፕታይድ ዋይዋያቸው ወረደ። ከአንድ ዓመት በኋላም ሆርሞኖቹ ወደ ቀድሞው አልተመለሱም፣ ረሃቡም አልቀነሰም። ሰውነት «ጎተራዬ ተዘረፈ» ብሎ ዓመት ሙሉ ይጮሃል ማለት ነው። ቀንሶ መልሶ የጨመረን ሰው «ሆዳም» ማለት ይህን ጩኸት አለመስማት ነው። ስድቡ ማንንም አላቀጠነም፤ ከሐኪም ያራቀው ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ አካባቢን ይረሳል። በ2019 ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ ለ20 ሰዎች ሁለት ዓይነት ምግብ አቀረበ፤ ለሁለት ሁለት ሳምንት። አንዱ በፋብሪካ በብዙ የተቀነባበረ፣ ሌላው ቤት የሚበስል ዓይነት። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባትና አሰር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሰዎቹ የፈለጉትን ያህል ይብሉ ተባለ። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በፍጥነትም በሉ። ክብደታቸው 0.9 ኪሎ ገደማ ጨመረ። ወደ ቤቱ ምግብ ሲመጡ ፔፕታይድ ዋይዋያቸው ጨምሮ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ያው ሰው፣ ያው ፈቃድ፤ የተቀየረው ሳህኑ ነው።

ስለዚህ እኔ ወደ ሦስተኛ ቦታ አዘነብላለሁ። ሆርሞኖቻችንን በቀጥታ አናዝም። የሚሰሙትን ነገር ግን መለወጥ እንችላለን። የሱቅ መደርደሪያው በብስኩትና በለስላሳ ከተሞላ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጠው ቦምቦሊኖ ብቻ ከሆነ፣ ምስር ዋጋው ከፓስታ ከራቀ፣ ይህ የግለሰብ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ውፍረታቸው ከበሽታ ጋር ለተያያዘ ሰዎች ደግሞ መድኃኒት ነውር አይደለም። የጎደለው በሐኪም ክትትልና በሚቻል ዋጋ ማግኘቱ ነው።

ይህ ምክር የማይሆንላቸው

ስለ ጥጋብ የሚወራው አብዛኛው የመጣው ከልክ በላይ ከሚበላበት አገር ነው። እኛ ያለነው ሌላ ቦታ ነው። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 8 በመቶ ነበሩ። ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ በምግብ እጥረት ቀጭጨው ነበር። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ አንዳንዴ አንድ ቤት ውስጥ።

ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠግብ፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋበት ሰው ተልባ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ሳንባ ነቀርሳም፣ የስኳር በሽታም፣ የጨጓራ ችግርም ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም ምግቡን በድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት፤ በጾም ጊዜ ደግሞ ይበልጥ።

ከሁሉም በላይ ግን ሕፃናት። ለአዋቂ ጥሩ ያልነው ነገር ሁሉ ለእነሱ ይገለበጣል። ብዙ ውሃ፣ ብዙ አሰር፣ ጥቂት ጉልበት ያለው ምግብ አዋቂን ይጠቅማል። የስድስት ወር ሕፃን ግን ጨጓራው በኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ገደማ። ያ ብርጭቆ በቀጭን አጥሚት ከሞላ ጨጓራው ይለጠጣል፣ ቬገስ «ሞልቻለሁ» ይላል፣ ልጁ አፉን ይዘጋል። እናትም «ጠገበ» ትላለች። ጠግቧል፤ የሚያሳድገው ነገር ግን አልገባለትም።

ስለዚህ ለሕፃን የሚሠራ ገንፎ ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። የተቆላ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይቀላቀልበት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ሲገኝም እንቁላል። ጅማ ላይ በየጓሮው የሚገኘው አቮካዶም በሹካ ተደፍጥጦ ሊጨመርበት ይችላል።